ከባለቤቱ ቀድሞ ስለሚገባ ዜማ

ተናጋሪ ወይም ዘፋኝ ወይም ስፖርተኛ በሕዝብ ፊት ሲወጣ ራሱ የወደደውን ዜማ አስቀድሞ ማሰማት በዛሬው ዘመን የተለመደ ሆኗል። ወጣቶች ይህን እንደ ጌጥ ብቻ ይቈጥሩታል፤ እኔ ግን እንደ አንድ የጥበብ ሥራ ልመረምረው እወዳለሁ፤ ሰው አፉን ሳይከፍት ስለ ራሱ የሚናገረው የመጀመሪያው ቃል ይኸው ዜማ ነውና።

በአገራችን ነጋሪትና እምቢልታ በመኳንንት ፊት ይሰማ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ነገር ግን ያ ድምፅ የሹመቱ እንጂ የሰውዬው አልነበረም። ለአሁኑ ልማድ ይልቅ የሚቀርበው ፉከራ ነው። ከዘመቻ የተመለሰ ሰው ከመካከል ዘሎ ይወጣና፥ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደ ተባሉት፥ የፈረሱን ስም ጠርቶ የሠራውን ይዘረዝራል። ያልሠራውን ቢጨምር አብሮት የዘመተ ሰው እዚያው ተቀምጧልና ያፍራል። የመግቢያ ዜማ ግን ገና ላልተሠራ ሥራ የሚሰማ ነው። ባለቤቱ ከሰሚው ላይ እምነት ተበድሮ ይገባል ማለት ነው፤ ብድሩንም እዚያው መድረክ ላይ መክፈል አለበት።

በዚህ ሚዛን የኤልቪስ ፕሪስሊን ምርጫ እንመልከት። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ።) ይህ አሜሪካዊ ዘፋኝ በ1970ዎቹ ዓመታት ወደ መድረክ ሲወጣ፥ ጀርመናዊው ሪቻርድ ስትራውስ በ1896 የደረሰው «ዛራቱስትራ እንዲህ አለ» የተባለው ድርሰት መክፈቻ ይሰማለት ነበር። ዜማው ከዝቅተኛ ጕርምርምታ ተነሥቶ፥ መለከት ተከትሎት፥ ከበሮ ተመትቶለት እንደ ፀሐይ መውጫ ከፍ ይላል። ስታንሊ ኩብሪክ በ1968 ባወጣው የጠፈር ፊልም ምክንያት ሕዝቡ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ታላቅ ዜማ ነው፤ ስለ ኤልቪስ ግን ምን ይነግረናል? ሰውዬው በሚሲሲፒ ከድኃ ቤት ተወልዶ፥ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር እየሰማ ያደገ ነው። ከዚህ አንዱም በዚያ ውስጥ የለም። ፀሐይ ወጣች ይላል እንጂ ማን እንደ መጣ አይናገርም፤ ለማንኛውም ዝነኛ ሰው ይሆናል። ለጆሮዬ ደስ ይለኛል፤ እንደ ምርጫ ግን ዝቅ አድርጌ እመዝነዋለሁ።

ሌላው ምሳሌ አሳቤን ያስቸግረዋል፤ ስለዚህም ይበልጥ እወደዋለሁ። የፓናማው ተወላጅ ማሪያኖ ሪቬራ ለኒው ዮርክ ያንኪስ የቤዝቦል ቡድን የተጫወተ ኳስ ወርዋሪ ነው። ሥራው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ገብቶ ቡድኑ የያዘውን ብልጫ መጠበቅ ነበር። በ1999 የቡድኑ ሠራተኞች ለመግቢያው «ኤንተር ሳንድማን» የሚባለውን የሜታሊካ ዘፈን መረጡለት። ሳንድማን በፈረንጆች ተረት በልጆች ዓይን ላይ አሸዋ በትኖ የሚያስተኛ ፍጡር ነው፤ ጊታሩም እንደ ነጐድጓድ ያጓራል። ሪቬራ ደግሞ ጸሎተኛና ጭምት ሰው ነው፤ ዘፈኑን አልመረጠውም፥ ያዘወትረው የነበረውም ሙዚቃ እንዲህ ያለ አልነበረም። ሆኖም 652 ጊዜ የቡድኑን ድል ጠብቆ በ2013 ሲሰናበት፥ ሜታሊካዎች ራሳቸው በስታዲየሙ ተገኝተው ዘፈኑን ተጫወቱለት።

እንግዲያው ምርጫ ከንቱ ነው፥ ሥራ ብቻ ይበቃል የሚለኝ አይጠፋም። እኔ እንዲህ አልተረጕመውም። ኳሱ ባይሰምርለት ኖሮ ያ ሁሉ ጕርምርምታ መሳቂያ ያደርገው ነበር። ሌሎች የሰፉለትን ሰፊ ካባ ለመሙላት ብዙ ዓመት ነበረው፤ አብዛኛው ወጣት ግን ያለው አንድ ቀን ብቻ ነው።

አንድ የማውቀው ተማሪ በምረቃው ቀን ንግግር እንዲያደርግ ታዝዞ፥ የትኛውን ዜማ ላሰማ ብሎ አማከረኝ። የያዘው በዚያ ወር የተወደደውን ዘፈን ነበር። ለምን ብለው፥ «ጋሼ፥ ሁሉም ያጨበጭብለታል» አለኝ። «ጭብጨባው ለዘፋኙ ነው፤ ላንተ ምን ይተርፍሃል?» አልሁት። ጥቂት ቆይቶ፥ አያቱ ጥጥ ሲፈትሉ ያንጐራጕሩት የነበረውን ዜማ አነሣ፤ ነገር ግን ማንም አያውቀውም ብሎ ፈራ።

እኔ አለመታወቁን እንደ ጥቅም አየሁት። የታወቀ ዘፈን የሰሚውን የራሱን ትዝታ ይቀሰቅሳል፤ አንዱ ሠርጉን፥ ሌላው የተለየችውን ሴት ያስባል። ያልታወቀው ዜማ ግን ትርጕሙን የሚያገኘው ከሚከተለው ንግግር ነው። የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር። ለልብ እጅግ የቀረበ ዜማ ጕሮሮን ያንቃል፤ ጕሮሮው የታነቀ ሰውም ንግግር አያደርግም። ስለዚህ ብቻውን ሆኖ ደጋግሞ እንዲሰማው፥ አሁንም እንባ እንባ የሚለው ከሆነ ለሌላ ቀን እንዲያቈየው ነገርሁት። ከአያቱ የመጣ መሆኑንም አስቀድሞ እንዳያስረዳ ለመንሁት፤ ሐተታ የሚያሻው ዜማ ገና ሳይሰማ ይደክማልና። በመሰንቆ ብቻ፥ ቃል ሳይኖርበት፥ ከመጋረጃው እስከ ድምፅ ማጉያው ለሚያደርሱት ጥቂት ርምጃዎች ያህል ቢሆን ይበቃዋል። ከመድረሱም ሁለት ርምጃ ቀደም ብሎ መሰንቆው ዝም ይበል።