የብራውን ስሌት፣ ከቨርደን ሲታይ

አክሲዮን መራጮች ከሚጠቀሙባቸው ስሌቶች ሁሉ በአሠራሩ የምደነቅበት የዶናልድሰን ብራውን ነው። ብራውን በትምህርቱ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፈንጂ ሻጭ አድርጎ ቀጠረው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአለቆቹ የካፒታላቸውን ምርት የሚለካ ስሌት አበጀላቸው።

ትርፍን ለካፒታል ማካፈል ማንም ነጋዴ ያውቃል። የብራውን ጥበብ መልሱን ለሁለት መሰንጠቁ ነው፦ ከሽያጩ ከመቶ ስንቱ ትርፍ ሆኖ እንደሚቀርና ካፒታሉ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚዞር። ሽያጭ በአንዱ ክፍልፋይ ከታች፣ በሌላው ከላይ ስለሚውል ሁለቱ ሲባዙ ይጣፋል፤ መገጣጠሚያው ምንም ጠባሳ አይተውም።

ቤይሩት፣ ቨርደን ጎዳና ላይ እንሞክረው። ወርቅ ቤትና መናኢሽ የሚጋግር ዳቦ ቤት ጎን ለጎን ተከፍተዋል እንበል፤ በእያንዳንዳቸው 100 ሺህ ዶላር ገብቷል። ወርቅ ቤቱ በዓመት 50 ሺህ ሸጦ ከመቶው 40 ያስቀራል። ዳቦ ቤቱ 400 ሺህ ሸጦ ከመቶው 5 ብቻ። ሁለቱም 20 ሺህ አተረፉ፤ 20 ከመቶ። ዱቄት ትንሽ ቢወደድ ግን የዳቦ ቤቱ ትርፍ ብን ይላል፤ ወርቅ ቤቱን የሚገድለው ደንበኛ መጥፋቱ ነው።

ኋላ ላይ ሦስተኛ ማባዣ ተጨመረ፦ ጠቅላላ ሀብት ለባለቤቶቹ ድርሻ ሲካፈል። ዕዳ የሚጋለጠው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው ብሎም ባንክ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ቨርደን ነው፤ የእሱን ዘርፍ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የሊባኖስ ባንኮች ሀብት በጥቅሉ ከካፒታላቸው 12 እጥፍ ገደማ ነበር። ከሀብቱ 1 ከመቶ ብቻ ቢያተርፉ ለባለአክሲዮኑ 12 ከመቶ ይሆንለታል። በዚያው ልክ ሀብቱ 9 ከመቶ ቢጎድል ካፒታሉ ጨርሶ ይጠፋል። ስሌቱ የሀብቱን ጥራት አይነግርህም፤ ገንዘቡ የት እንደተቀመጠ እንድትጠይቅ ግን ያስገድድሃል። ግማሽ ያህሉ የተቀመጠው ማዕከላዊ ባንኩ ዘንድ ነበር። በ2019 መገባደጃ ባንኮቹ ዶላር ማውጣትን ገደቡ፤ በቀጣዩ ዓመት መንግሥት የዩሮቦንድ ዕዳውን መክፈል አቆመ።

የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ ይዞ አክሲዮን የሚገዛ ሰው የነጠላን ጥለት ሳይገለብጥ እንደሚገዛ ነው።

እኛም አገር የባንክ አክሲዮን ሲወራ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዘንድሮ ስንት ከመቶ አተረፈ?» ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ወጋገን ባንክ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ከሆነ ወዲህ ይህ ጥያቄ ብቻውን ጨርሶ አይበቃም። የባለ 1,000 ብር አክሲዮን 300 ብር አተረፈ ሲባል 30 ከመቶ ተብሎ ይጨበጨባል። ግን ባንኮች ሕጋዊ መጠባበቂያው ካፒታላቸውን እስኪያክል ድረስ በየዓመቱ ከትርፋቸው 25 ከመቶ ያስቀምጣሉ፤ ይህም የባለአክሲዮኑ ገንዘብ ነው። ከእያንዳንዱ አክሲዮን ጀርባ 500 ብር ተጠራቅሞ ከሆነ አካፋዩ 1,500 ነው፤ ምርቱም 20 ከመቶ።