«ስጋት» እና «አጠራጣሪነት»፤ ስለ ሁለት የመድን ቃላት አጭር ትችት

በመድን ሙያ ከሚዘወተሩት የአማርኛ ቃላት መካከል «ስጋት» የሚለውን ያህል ሸክም የበዛበት ያለ አይመስለንም። ቃሉ በመሠረቱ የልብን ፍርሃት የሚገልጽ ሲሆን፣ በሙያው ወደፊት ሊደርስ ለሚችል ጉዳት መጠሪያ ሆኗል። ይህን የትርጉም መስፋት አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው ሁለት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ቃል መጠራታቸውን ነው።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ፍራንክ ናይት እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱን ለይቷቸዋል። አንደኛው ይሆናልነቱ በቁጥር የሚለካ ነው፤ ሁለተኛው ለመለኪያ የሚበቃ መሠረት የለውም። የመኪና ግጭት ዘወትር ስለሚደርስ መድን ሰጪው ያለፈውን ቆጥሮ አረቦኑን ይተምናል። ታላቅ አውሎ ነፋስ ግን አንድን ስፍራ የሚመታው ከስንት ዘመን አንዴ ነው፤ መዝገቡ አጭር ነው፤ ሊቃውንቱም በግምታቸው ይለያያሉ።

እ.ኤ.አ. በ1992 አንድሪው የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡብ ፍሎሪዳን ሲመታ፣ መድን ሰጪዎች የከፈሉት ካሳ ወደ 15 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ፤ ከ10 የማያንሱ ኩባንያዎችም ዕዳቸውን መክፈል ተሳናቸው። ብዙዎቹ የተመኑት ከአደጋው በፊት የነበሩትን ጸጥተኛ ዓመታት ይዘው ነበር። ከዚያ ወዲህ በኮምፒውተር የሚሰሉ የአደጋ ሞዴሎች ተስፋፉ። ሆኖም የተለያዩ ሞዴሎች ለአንድ ንብረት የተለያየ ግምት ይሰጣሉ፤ ፍሎሪዳም እ.ኤ.አ. በ1995 ሞዴሎቹን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቁማለች።

እንግዲህ አንድ ዘገባ «ስጋቱ ከመቶ አንድ ነው» ብሎ ቢያልፍ፣ ቁጥሩ ከረጅም መዝገብ የተገኘ ይሁን ወይም ከሚከራከሩ ግምቶች አንዱ ይሁን፣ የሥራ አመራር ቦርዱ ሊለይ አይችልም። ውሳኔው ግን በዚህ ላይ ይቆማል፤ በመጀመሪያው አረቦን መተመን ይበቃል፤ በሁለተኛው መጠባበቂያ መጨመር፣ የሽፋኑን ጣሪያ መወሰን ወይም የጠለፋ መድን መግዛት ያስፈልጋል።

ለሁለተኛው ጽንሰ ሐሳብ «ኢእርግጠኝነት» የሚሉ አሉ። ነገር ግን «ኢ» እንደ «ኢፍትሐዊ» ካሉ የግዕዝ ቃላት ጋር እንጂ «-ኝነት» ከሚል የአማርኛ ቅጥያ ጋር አይስማማም። «ጥርጣሬ» ደግሞ የሰው ነው፤ ካሳ ጠያቂው ሲሰማው ራሱ የተጠረጠረ ይመስለዋል። «አጠራጣሪነት» ግን ጠባዩን ለነገሩ ይሰጣል። ስለዚህ «ስጋት» በሚለካው ተወስኖ፣ ለማይለካው «አጠራጣሪነት» እንዲሠራበት እናሳስባለን፤ በመድን ሙያ ያሉ አንባብያንም ቃሉን በውልና በዘገባ ላይ እንዲፈትኑት እንጋብዛለን።