ማዳበሪያው ላይ ያለ ዓይን

ስለ አየር ኃይላችን ታሪክ ሲወራ ሰው የሚዘረዝረው አውሮፕላን ነው፦ በ1929 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) የመጣውን ፖቴዝ 25፣ ከስዊድን የተገዛውን ሳብ 17፣ ኤፍ 5ን፣ ሚግን። እኔ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ እህል ሳስጭን የኖርኩ ነኝና ዓይኔ የሚያርፈው ማዳበሪያው ላይ ነው።

የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከ2014 ጀምሮ ከዚህ በሚነሱ አውሮፕላኖች ለደቡብ ሱዳን እህል ሲጥል ቆይቷል። ክረምት ሲገባ የደቡብ ሱዳኗ ጆንግሌ ረግረግ ነው፤ መኪና አይደፍረውም። ኢሊዩሺን 76 ወደ 30 ቶን ገደማ ይዞ ይሄዳል። ከሰው የጸዳው ሜዳ ላይ ሲደርስ አፍንጫውን ቀና ያደርግና ጭነቱ በገዛ ክብደቱ በኋላ በር ተንሸራቶ ይወጣል። ዣንጥላ የለውም።

በ1985ቱ ረሃብ የእንግሊዝ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች በደጋው ላይ ከ15 ሜትር ገደማ ይጥሉ ነበር። ከዚያ ከፍታ የተጣለ ጆንያ የአውሮፕላኑን ፍጥነት እንደያዘ መሬት ይመታና እየተንከባለለ ይሄዳል፤ ግን ጠባብ አምባ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ከ200 ወይም ከ300 ሜትር ሲጣል አየሩ የፊት ፍጥነቱን ይበላዋል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ እህሉ ግን ሰፊ ሜዳ ላይ ይበተናል። ለጆንግሌ የሚበጀው ሁለተኛው ነው።

መሬት ሲመታ ነው ማዳበሪያው የሚፈተነው። እስከ አፉ ከተሞላ ይፈነዳል። እህሉ የሚላወስበት ቦታ ሊቀርለት፣ በላዩም ሌላ ማዳበሪያ ሊደረብበት ይገባል፤ የውስጡ ቢቀደድ የላዩ ይይዘዋል። አጥብቆ የሚሞላ ሰው ትጉህ ይመስላል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የምጣላው ከእሱ ጋር ነው።

እህል ከአየር መጣል ሲነሳ ከአየር ኃይላችን ሰዎች የማስበልጠው ስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘንን ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል በረረ፤ ከጦርነቱ በኋላ ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይሉን መልሶ አደራጅቶ እስከ 1956 መራ። በ1969 ቢያፍራ ውስጥ ኤምኤፍአይ 9 በሚባሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ሮኬት ገጠመ። በ1974ቱ ረሃብ ደግሞ የእነዚያኑ ታናሽ፣ ኤምኤፍአይ 15ን፣ ክንፉ ሥር እህል አንጠልጥሎ ወደ እኛ መጣ። ሐምሌ 1977 ጎዴ ላይ ተገደለ። ቦምብ የሚጥል እጅ እህል መጣልም እንደሚችል ያሳየን እሱ ይመስለኛል።

ወደ ጋምቤላ ስመለስ፣ የእኛ ፈተና ሙቀቱ ነው። ሜዳችን ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር አካባቢ ቢሆንም፣ በ40 ዲግሪ አየሩ ይሳሳና ሞተሩና ክንፉ 1,500 ሜትር ላይ ያሉ ያህል ይሆናሉ። ስለዚህ ጫኝና አውራጁ ገና ሳይነጋ ይጠራል። ረፋድ ላይ አብራሪው «ቀንሱ» ካለ ይቀነሳል፤ ከእሱ ጋር ክርክር የለም። የሚከራከረኝ እህሉን ቆጥሮ ያስረከበኝ የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ ወደ ኋላ የተመለሰ ማዳበሪያ ሌላ ፊርማ ይፈልጋላ!