ለዘር የምትቀር ጎመን

ከጎናችን ያለውን ቤት ተከራይተው የገቡት ወጣት ባልና ሚስት ጓሮ ይወዳሉ። ባልየው ግድግዳው ላይ የፕላስቲክ ቱቦ ደርድሮ፣ በየቀዳዳው ሰላጣና ቆስጣ ተክሎ፣ በስልኩ ያየውን ሁሉ ይሞክራል። አንድ ቅዳሜ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ መደቤን ሲቃኝ ቆየና፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያቺ ጥጉ ላይ ያለችው ጎመን አርጅታለች። ለምን አይነቅሏትም? ቦታ ይዛ እኮ ነው» አለኝ።

ልክ ነው፣ ለማየት አታምርም። ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል፤ ቢጫ አበባዋ ረግፎ ቀጫጭን የዘር ከረጢቶች አንጠልጥላለች፤ የታችኛው ቅጠሏ ደርቋል፤ አንዱን ቅርንጫፏን ክሽክሽ ወሮታል። ነገር ግን ከመደቡ ሁሉ የበለጠችው እሷ ነበረች። ቅጠሏ ሰፊ፣ አገዳዋ ወፍራም፣ የኅዳርን ውርጭ የቻለች፣ ሌሎቹ ለአበባ ሲጣደፉ እሷ ቅጠል መስጠቷን ያልተወች። ይህን ስነግረው ሳቀ። «ምርጧን ነው እንዴ የማይበሏት?» አለ። አዎ፣ ምርጧን ነው። አጥር ላይ ቆመን የጀመርነው ክርክር ቡና ቢፈላም አላለቀም፤ ቀሪውን እዚህ ልጨርሰው።

ስለ ፍግና ስለ ኩትኳቶ አላወራም፤ ጎመን ያለማ ሰው ያውቀዋል። የእኔ ጠብ ከዘር አያያዝ ጋር ነው። አብዛኛው ሰው ዘር የሚይዘው ከትራፊ ነው። ያማረውን ሲቀነጥስ ከርሞ፣ ቀድማ ያበበችውን፣ ቅጠሏ ያነሰውን፣ «ይህቺስ ለወጥ አትሆንም፣ ለዘር ትቅር» ብሎ ይተዋታል። ጥቂት ዓመት እንዲህ ካደረገ በኋላ የሐበሻ ጎመን ዘሩ ደከመ፣ ገና ሳንበላው ያብባል እያለ ያማርራል። ዘሩ ምን አጠፋ? ቶሎ የሚያብበውን እየመረጠ ያራባው ባለቤቱ ነው። ለቅጠሏ የምትፈለግ ተክል ዘሯ መያዝ ያለበት በመጨረሻ ካበቡት፣ ከእነሱም ውስጥ ከጠንካሮቹ ነው። እኔ ከአንዲት በላይ እተዋለሁ፤ ጎረቤቴ ጥጉ ላይ ያለችውን ብቻ ያየው ረጅም ስለሆነች ነው።

ለመናገር ቀላል ነው። የሚከብደው ዘመኑ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ ቤቱ ጎመን አብዝቶ የሚፈልገው ያን ጊዜ ነው፤ ምርጧ ጎመን ዘንግ ማውጣት የምትጀምረውም ያን ጊዜ ነው። በጾም መካከል፣ ድስት ተጥዶ፣ ያቺን አትንኩ ማለት ከቤተሰብ ያጣላል። ስለዚህ በጥቅምት መጨረሻ ላይ የምተዋቸውን እየመረጥኩ አገዳቸው ላይ ቀይ ክር አስራለሁ። ቤተሰቡ ለምዶታል። አማቴ ግን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ የገና ጾም እኔ በሌለሁበት ድንገት እንግዳ መጣባቸው። ወደ ጓሮ ወጥተው ሰፊ ቅጠል ያላትን ሲፈልጉ ያገኙት ክር ያሰርኩባትን ነው። ከነአገዳዋ ቆርጠው፣ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት አሳምረው ሠሯት። እንግዶቹ እጃቸውን ልሰው ሄዱ፤ እኔ ማታ ገብቼ ከድስቱ ቀይ ክር አወጣሁ። «እኔማ ለቡዳ ያሰርሽው መስሎኝ!» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አማቴ ከእኔ ብሰው ክር ጠባቂ ሆኑ፤ ልጆቹ ወደ መደቡ ሲጠጉ የሚቆጡት እሳቸው ነበሩ።

የጎረቤቴ ሁለተኛ ክርክር ይህ ነው፤ ዘር በሱቅ ሞልቶ ሳለ ለምን ይህ ሁሉ ወራት? ግማሹን አምንለታለሁ። የካሮትና የጥቅል ጎመን ዘር በቆርቆሮ የታሸገ እገዛለሁ፤ አላፍርበትም። ጥቅል ጎመን ለማበብ ረዘም ያለ ብርድ ይፈልጋል፤ የእኛ ሰፈር ከእንጦጦ ግርጌ ቢሆንም ለእሱ የሚበቃ ብርድ የለውም። የሐበሻ ጎመን ግን እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ዘሩን ያለ ማንም እርዳታ ይሰጣል፤ እንደ ዘመዶቹ ከረጢቱ ገና ሲደርቅ ተፈልቅቆ አይረግፍም፤ ተረጋግተው እስኪሰበስቡት ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ይዞ የተፈጠረን ተክል ትቶ በየዓመቱ ዘር መግዛት ለእኔ ስንፍና ነው። የገዛው ዲቃላ ዘር ከሆነማ ዘሩን ቢይዘውም ልጁ እናቱን አይመስልም፤ በየዓመቱ ወደ ሱቅ መመለስ ነው።

ዘመዶቹ ካልኩ አይቀር፣ የዚህ ጎመን ትውልድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። ው ጃንግ ቹን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 በጃፓን ባሳተመው ጥናት የጎመን ቤተሰብን ዝምድና በሦስት ማዕዘን ሲያስቀምጥ፣ የእኛን ጎመን ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን የተወለደ አድርጎ አሰፈረው። ከሰናፍጭ 8 ጥንድ፣ ከጥቅል ጎመን ወገን 9 ጥንድ ክሮሞሶም ወርሶ 17 ጥንድ ይዟል። ጥሬውን ቅጠል ያኘከ ሰው አፍንጫውን የሚነካው የሰናፍጩ ደም ነው። ይህን ለጎረቤቴ ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን አስቀመጠ።

ዝምድናውን ሊቃውንት ቢጽፉትም ዘሩን ያቆዩት እነሱ አይደሉም። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ዞሮ ዘር ሲሰበስብ የሰበሰበው ከገበሬ ማሳና ከገበያ ነው። ከዚያ በፊት ያን ዘር ከዓመት ዓመት እየመረጠ ያቆየ፣ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ነበረ። አብዛኛው ጓሮ ላይ ሴት ትመስለኛለች። የአገራችን የዘር ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 ከተቋቋመ በኋላም ቀዝቃዛ ክፍል ብቻውን እንደማይበቃ፣ ዘር በገበሬው እጅ እየተዘራ መኖር እንዳለበት አጥብቀው የተከራከሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ጓሮዬ ከዚህ ታላቅ ሥራ ጋር የሚወዳደር ሆኖ አይደለም። ነገር ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር ያለፈውን ዓመት ውርጭ አላየም፤ የእኔ አይቶታል።

አሁን ጎረቤቴ ያልጠየቀኝን ልናገር። እንጀራዬ ጥልፍ ነው። ለሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች የቀሚስ ጥልፍ ንድፍ እሠራለሁ። ለጥምቀት የሚታዘዘው ልብስ ከገና በፊት ጀምሮ ይጎርፋል፤ በዓሉ ጥር 11 ቀን ነው፤ ነጋዴው ደግሞ ሁሉንም ትናንት ይፈልገዋል። ጎመኔ ዘሯን የምታደርቀውም በዚያው ሰሞን ነው። ወረቀቱ ላይ አቀርቅሬ ውዬ እጄ ያለፈውን ዓመት ንድፍ መድገም ሲጀምር አውቀዋለሁ፤ መስቀሉ ያው መስቀል፣ ሐረጉ ያው ሐረግ ይሆናል። ያን ጊዜ ዱካዬን ይዤ እወጣለሁ። ከታች ወደ ላይ ስለሚደርቅ፣ የገለባ መልክ የያዙትን ከረጢቶች ብቻ እየቀነጠስኩ ሰፌድ ላይ አሻቸዋለሁ። እጅ ሥራ አለው፤ ሐሳብ ግን ሥራ የለውም። አንዳንድ ቀን ስመለስ ንድፉ ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን አይመጣም። ንድፍሽን ከጎመኑ ቅጠል ትቀጂያለሽ ወይ የሚሉኝ አሉ። አንድም ቀን አልቀዳሁም። እዚያ የምሄደው ለመቀመጥ ነው።

መቀመጥን የተማርኩት ከእናቴ ነው፤ ግን እሷ ስታደርገው ምን እንደምታደርግ አላወቅኩም ነበር። እናቴ ተቀምጣ አትታይም። ሊጥ አለ፣ ውኃ መቅዳት አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ። ደክሞኛል ስትል ሰምቻት አላውቅም፤ በእሷ ዘመን ሴት ቀን በቀን ጋደም ካለች ወይ ታማለች ወይ ሰንፋለች ነው። በጥር ግን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ከቤቱ ጀርባ ስትዞር፣ ሰፌዷን ይዛ ከጓሮው ግድግዳ ሥር ትቀመጣለች። ጎረቤት ሲያልፍ «ምነው ደኅና ነሽ?» ይላታል፤ «ዘር እያነፈስኩ ነው» ትላለች። ለዚህ መልስ ያለው ሰው የለም፤ «በርቺ» ብሎ ይሄዳል። አባቴም ቢሆን ዘር ከምታነፍስ ሴት ቡና አይጠይቅም ነበር። ያን ጥቂት ዘር ለማንፈስ ያን ያህል ከሰዓት በኋላ እንደማይፈጅ የገባኝ ራሴ ሰፌድ ይዤ ስቀመጥ ነው። አንድ ዘለላ አሽታ እጇን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ ግድግዳውን ተደግፋ የቆየችው ጊዜ ይበልጣል። ማንም የማይነጥቃትን ዕረፍት ያገኘችው እዚያ ነበር፤ ያን ያህል ብልሃት ስለጠየቃት ዛሬም ይቆጨኛል።

ዘሩን አመድ ነካ አድርጋ ቅል ውስጥ ታኖረውና ከምድጃው በላይ፣ ጢስ በሚደርስበት፣ ትሰቅለዋለች። የተረፈው ምጣድ ማሰሻ ይሆናል። የድሮ ሰፈራችን ሲነሳ፣ የቤቱ ዕቃ በጭነት መኪና ሲወጣ፣ ቅሉን ለማንም አልሰጠችም፤ ከሹፌሩ ጎን ጭኗ ላይ ይዛው ሄደች። አዲሱ ቤት ገና መብራት ሳይገባለት መደቡ ተቆፍሯል። ጥጉ ላይ ያለችው ጎመን ከዚያ ቅል የወረደች ናት። ልጆቼ አያታቸውን የሚያውቋት በፎቶ ነው፤ ጎመኗን ግን በየጾሙ ይበሏታል። ከእናቴ የቀረኝ ቀሚስም አለ፤ እሱ ሳጥን ውስጥ ነው።

ስለዚህ ያ ጥግ ባክኗል ብዬ አላምንም። ጓሮን በየካሬው ምን አስገባ ብሎ የሚያሰላ ሰው የራሱንም ቀን እንዲሁ ያሰላዋል። ጎረቤቴ ከሥራ መጥቶ እስኪመሽ ቱቦ ያጸዳል፣ ችግኝ ይለውጣል፣ ይለካል፤ ሰላጣው ያምራል፣ እሱ ግን ጓሮው ውስጥ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። ሚስቱ ናት ባለፈው ቡናዋን ይዛ ከእኔ ዘንድ መጥታ ከረጢት ስታሽ ያመሸችው። ብዙም አልተነጋገርንም።

የዘንድሮው ዘር ደርቋል። በደንብ ከደረቀና እርጥበት ካልነካው ለአራት ዓመት ያህል ይበቅላል። ምርጧን ቆርጣችሁ የበላችሁ ካላችሁ እስከ ሰኔ ዝናብ ጊዜ አለ፤ ለሰፈሬ ሰው ሁሉ እሰጣለሁ። የወረቀት ፖስታ ይዛችሁ ኑ፤ ዘር ስለሚሻግት በፌስታል አልሰጥም።