ደንብ አውጪው ማኅበር፦ የሲአይኤኤ ታሪክና ተልዕኮ

ስለ አሜሪካ የጥቁሮች ኮሌጆች ስፖርት የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከአንድ ቦታ ነው፤ ነጮቹ በራቸውን ስለዘጉ ጥቁሮቹ የራሳቸውን ውድድር ፈጠሩ ይላል። ይህ እውነትነት አለው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1896 በፕሌሲ ጉዳይ የዘር መለያየትን ሕጋዊ ካደረገ ወዲህ፣ በደቡብ ግዛቶች የጥቁርና የነጭ ኮሌጆች በአንድ ሜዳ መሰለፋቸው የማይታሰብ ነበር። ሆኖም ታሪኩ በዚህ ብቻ ከተወሰነ ሲአይኤኤ የተባለው የኮሌጆች የአትሌቲክስ ኮንፈረንስ የሌሎች በደል ውጤት ብቻ ሆኖ ይቀራል። በ1912 በቨርጂኒያ፣ በሃምፕተን ተቋም ግቢ የተሰበሰቡት መምህራን ግን በዋናነት ያሰቡት ራሳቸው ስለሚተዳደሩበት ደንብ ነበር።

መሥራቾቹ አምስት ናቸው፤ ሃምፕተን፣ ሃዋርድ፣ ሊንከን፣ ሾው እና ቨርጂኒያ ዩኒየን። ከሃምፕተን አለን ዋሽንግተንና ቻርለስ ዊሊያምስ፣ ከሃዋርድ ኧርነስት ማርሻል በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳሉ። የጥቁር ኮሌጆች የመጀመሪያው የአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያ በ1892 በቢድልና በሊቪንግስተን መካከል ከተካሄደ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። በነዚያ ዓመታት ጨዋታው ቢስፋፋም የሚገዛው የጋራ ሕግ አልነበረም። ከኮሌጅ ኮሌጅ እየዞረ የሚሰለፈውን፣ በትምህርት ገበታ ላይ ሳይኖር ማልያ የሚለብሰውን ተጫዋች የሚከለክል ሥልጣን ያለው አካል አልነበረም።

እዚህ ላይ ከሌሎቹ ኮንፈረንሶች የተለየ ችግር ነበረ። ከነጮቹ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሬዚዳንቶች ስብሰባ የተወለደው ቢግ ቴን በ1895 ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሞት ነበር፤ የእነርሱ ተማሪ ግን በአብዛኛው የኮሌጅ ተማሪ ነበር። በዘመኑ የጥቁር ኮሌጆች ግቢ ውስጥ ከሚማረው ወጣት የሚበዛው የሁለተኛ ደረጃ ወይም የእጅ ሙያ ተማሪ ነበር፤ ግዛቶቹ ለጥቁር ልጆች በቂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልሠሩ ኮሌጆቹ ያንንም ሸክም ተሸክመዋል። ስለዚህ «ለመጫወት ብቁ ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከሥሩ «ኮሌጅ የምንለው የትኛውን ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። የተሳትፎ ደንብ ማውጣት የትምህርት ደረጃን መወሰንም ነበር። በእኔ ግምት የሲአይኤኤ ትልቁ ሥራ ይኸው ነው፤ ዋንጫና ኮከብ ተጫዋች የሚያሳድደው ጽሑፍም በቀላሉ የሚያልፈው ይህንን ነው።

ማኅበር የማቋቋሙ ሐሳብ ከባዶ አልተነሣም። በሃርቫርድ የክረምት ትምህርት ቅርጫት ኳስን ተምሮ ወደ ዋሽንግተን ያመጣው ኤድዊን ሄንደርሰን ከሌሎች መምህራን ጋር በ1906 የጥቁር ትምህርት ቤቶችን የአትሌቲክስ ማኅበር አቋቁሞ ነበር። በሲአይኤኤ ስም ውስጥ የነበረው የዘር መጠሪያ ደግሞ በ1950 «ማዕከላዊ» በሚለው ሲተካ ምህጻሩ ሳይለወጥ ቀረ።

ማኅበሩን በሕዝብ ዘንድ ያሳወቀው ግን በ1946 የተጀመረው የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ነው። ከጠንሳሾቹ አንዱ አሰልጣኝ ጆን ማክሌንደን ነበር። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ከጨዋታው ፈጣሪ ከጄምስ ኔይስሚዝ ዘንድ ተምሯል፤ በቆዳው ቀለም ምክንያት ግን ለዩኒቨርሲቲው ቡድን አልተሰለፈም። በ1944 በዱራም ከተማ የእርሱ የኖርዝ ካሮላይና ኮሌጅ ቡድን ከዱክ የሕክምና ትምህርት ቤት ነጭ ተጫዋቾች ጋር በተዘጋ አዳራሽ ተጫውቶ 88 ለ44 አሸንፏል፤ ግጥሚያው በሕግ የተከለከለ ስለነበር ለዓመታት በምስጢር ተጠብቋል። የመጀመሪያው ሻምፒዮና የተካሄደው በዋሽንግተን በ14ኛው መንገድና በደብሊዩ መንገድ ማዕዘን በነበረው ተርነርስ አሬና ነው። አካባቢው ዛሬ የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤቶች ከሚታወቁበት ዩ ስትሪት ጥቂት እርምጃ ይርቃል። በዚያው በዋሽንግተን ያለው ሃዋርድም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን በ1935 በሕክምና የተመረቀው ከዚያ ነው።

በ1950 ጥቅምት መጨረሻ በኤንቢኤ ጨዋታ በመሰለፍ የመጀመሪያው ጥቁር የሆነው ኧርል ሎይድ ያደገው በዚሁ ኮንፈረንስ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ስቴት ነው። በ1967 ደግሞ የአሰልጣኝ ክላረንስ ጌይንስ ቡድን ዊንስተን ሴለም፣ በተጫዋቹ በኧርል ሞንሮ እየተመራ፣ ከጥቁር ኮሌጆች የመጀመሪያውን የኤንሲኤኤ የቅርጫት ኳስ ዋንጫ ወሰደ።

ድሉ የመጣው ማኅበሩ ኃይሉን ማጣት በጀመረበት ሰዓት ነው። መለያየቱ ሲፈርስ የነጮቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ተጫዋቾችን በገንዘባቸውና በአዳራሻቸው ስፋት ይስቡ ጀመር። ተጫዋቾቹ ሲገቡ ግን አሰልጣኞቹ፣ ዳኞቹና ደንብ አውጪዎቹ በሥልጣናቸው ልክ አብረው አልተጠሩም። በ1970 ሃዋርድን ጨምሮ በርካታ ኮሌጆች ወጥተው ኤምኢኤሲ የተባለውን ሌላ ኮንፈረንስ መሠረቱ፤ ሃምፕተንም በ1995 ተከተላቸው። የወጡትን አልነቅፍም፤ ወደ ከፍተኛው የውድድር ምድብ መውጣት መብታቸው ነበር። የምነቅፈው፣ ውህደቱ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተገነባን የአስተዳደር ልምድ ከቁም ነገር አለመቁጠሩን ነው።

ዛሬ ሻምፒዮናው በየዓመቱ የቀድሞ ተማሪዎችን በብዛት የሚሰበስብ በዓል ሆኗል፤ ከቻርለት ተነሥቶ ከ2022 ጀምሮ በባልቲሞር ይካሄዳል። ጭፈራው ጨዋታውን ጋረደው የሚሉ አሉ። ቅሬታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ለትንንሽ ኮሌጆች ነጻ የትምህርት ዕድል ገንዘብ የሚያስገኘውን ስብሰባ በንቀት ማየት ፍትሐዊ አይመስለኝም። ከአምስቱ መሥራቾች ሊንከን፣ ሾው እና ቨርጂኒያ ዩኒየን ዛሬም አባላት ናቸው። የዚህን ማኅበር ታሪክ ለማጥናት የሚነሣ ተመራማሪ ከዋንጫዎቹ ዝርዝር በፊት የተሳትፎ ደንቦቹን እንዲመረምር አደራ እላለሁ።