የእንሰት ቃጫና ተንጠልጣዩ መብራት

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየሆቴሉና በየቡና ቤቱ ጣሪያ ሥር ከቀርከሃ፣ ከቅልና ከስፌት የተሠሩ ተንጠልጣይ መብራቶች ሲበዙ እናያለን። ቅጠልን፣ ፍሬን ወይም የወፍ ጎጆን እንዲመስሉ ሆነው የተበጁ ናቸው። ሐሳቡን እንወደዋለን፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የሚታዩ እንጂ የሚያሳዩ ስላይደሉ ጥቂት ነቀፌታ ማቅረብ ተገቢ መስሎናል። ምሳሌያችንንም ኋላ ከወላይታ፣ ከሶዶና ከኦቶና አካባቢ እናመጣለን።

ቅሉን እንመልከት። የተበሳሳው ቅል በግድግዳው ላይ የከዋክብት ነጠብጣብ ሲበትን ዓይን ይማርካል፤ ከሥሩ ደብተሩን ዘርግቶ ለሚያጠና ተማሪ ግን የሚተርፍ ብርሃን የለውም። የተገለበጠው ቅርጫት ደግሞ በተቃራኒው ይበድላል፤ አምፖሉ ከአፉ ወጥቶ የተቀመጠውን ሰው ዓይን ይወጋል። ቅርጫቱን መብራት ያሰኘው በውስጡ ያለፈው ሽቦ ብቻ ነው።

ዴንማርካዊው ፖል ሄኒንግሰን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. ለአንድ የኮፐንሃገን ምግብ ቤት ያበጀው መብራት «አርቲቾክ» በሚባለው አትክልት ስም ይጠራል። ይሁን እንጂ 72ቱ የመዳብ ቅጠሎች የተደረደሩት ለመልክ ብቻ አይደለም፤ ሰው በየትም በኩል ቢቆም አምፖሉን በቀጥታ እንዳያይ፣ ብርሃኑ ግን ከቅጠል ወደ ቅጠል እየነጠረ እንዲወርድ ነው። ከ1951 ጀምሮ ኢሳሙ ኖጉቺ በጃፓን ጊፉ ከተማ ያሠራቸው «አካሪ» የተባሉት መብራቶችም ከቀርከሃ ስንጥርና ከዛፍ ልጥ ወረቀት የተበጁ ናቸው። በእነርሱም ዘንድ ወረቀቱ የብርሃኑን ጥቃት ያበርዳል እንጂ ጌጥ ብቻ ሆኖ አልቀረም።

እነዚህን የጠቀስናቸው እንዲቀዱ አይደለም። በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በወላይታ ጓሮዎች የቆመው እንሰት ራሱ ይህንኑ ጥበብ ይዟል። ግንድ የምንለው በእውነቱ ግንድ ሳይሆን አንዱ ሌላውን እየደረበና እየሸፈነ የቆመ የቅጠል እግር ነው። ቃጫውን በዚሁ አደራረብ፣ በእርከን በእርከን ቢያወርዱት አምፖሉ ይሸሸጋል፣ ብርሃኑም በየእርከኑ መካከል ወደ ታች ይፈስሳል። እንሰቱ ለቆጮ ሲፋቅ ቃጫው ተለይቶ ስለሚቀር፣ ለመብራት ሲባል ብቻ የሚቈረጥ ተክል አይኖርም።

የዱሮው የሽቦ አምፖል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጥ ስለ ነበር ቃጫን ለማቅረብ ያስፈራ ነበር። የዛሬው ኤል ኢ ዲ አምፖል ሙቀቱ እጅግ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም አናቱ ለአየር ክፍት መሆን አለበት። ቃጫ አቧራ ይወዳልና ሽፋኑ ተፈትቶ የሚራገፍ ይሁን፤ ይህን የሚያስታውስ ሠሪ ግን ብዙ አላየንም።

በወላይታና በዳውሮ መካከል፣ በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው ጊቤ 3 በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ 1,870 ሜጋዋት ኀይል የማመንጨት ዐቅም ይዞ ነበር። ኀይሉ ከዚያው ይመነጫል፤ ቃጫውም ከዚያው ይገኛል። ስለዚህ የእጅ ሙያተኞቹ ሥራቸውን ለሆቴል አዳራሽ ከማቅረባቸው በፊት በአንድ የተማሪ ጠረጴዛ ላይ ሰቅለው፣ ማታ መጽሐፍ ተነብቦበት እንዲመለከቱት እንጠይቃለን።