የጭስ ማውጫውን ለሲሚንቶ አትስጡት

«ሲሚንቶ ከኖራ የሚጠነክር ከሆነ ደካማውን ለምን እመርጣለሁ?» ይላል አሮጌ ጭስ ማውጫ መጠገን ገና የጀመረ ሰው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ስህተቱ ጥንካሬን ለብቻው መመዘኑ ላይ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት በበዛበት በሾው ሰፈር፣ ከ1900 በፊት ከተሠሩት ተያያዥ የጡብ ቤቶች የአንዱን ጣሪያ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። በሲሚንቶ የተጠገነ አሮጌ ጭስ ማውጫ ከሩቅ ይታወቃል፦ በጡቦቹ መካከል ያለው ግራጫ መጋጠሚያ እንደ ከሲታ ከብት ጎድን አፍጦ ወጥቷል፣ ጡቡ ግን ፊቱ ተልጦ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፣ ከሥሩም ቀይ ዱቄት ይራገፋል። ሲሚንቶው አሸንፏል ማለት ነው፤ የተሸነፈው ደግሞ ሊጠብቀው የተቀመጠለት ጡብ ነው።

ጭስ ማውጫ ከቤቱ ሁሉ የበለጠ ይረጥባል። ከውጭ በአራቱም ጎን ዝናብ ይመታዋል፣ ከውስጥ የእሳቱ እንፋሎት ይገባበታል። የገባው ውሃ መውጫ ይፈልጋል። የኖራ መጋጠሚያ ውሃውን ያሳልፋል፤ ሲሚንቶ ግን በሩን ስለሚዘጋ እርጥበቱ በጡቡ ፊት በኩል መውጣት ይጀምራል። ውርጭ ሲመጣ ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ 9 በመቶ ገደማ ያብጣል፣ የጡቡንም ፊት ገፍቶ ይጥለዋል። ነገሩ የብርድ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስል፣ ጎንደርን ማሰብ ነው። ፋሲል ግቢ በኖራ የተገነባ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶና በኮንክሪት ተጠገነ፣ በኋላ የመጡ ጠጋኞች ግን አብዛኛውን አንስተው በኖራ ተኩት።

«ኖራ ቶሎ ይሸረሸራል» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ግን የተሸረሸረ መጋጠሚያ በመሮና በግንበኛ ማንኪያ ይታደሳል፤ በእጅ የተሠራ የመቶ ዓመት ጡብ ከየት ይመጣል? «ኖራ ለመድረቅ ይዘገያል» ለሚለውም መልሱ ትዕግሥት ነው፦ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሆነ፣ ለቀናት በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ከፀሐይና ከንፋስ መጠበቅ ነው። አናቱ እጅግ የተጋለጠ ከሆነ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ ኖራ፣ ዘጠኝ እጅ አሸዋ ቢደባለቅ አልቃወምም። ከዚያ በላይ ሲሚንቶ ግን ለአሮጌ ለስላሳ ጡብ አይሆንም። (በጠንካራ ጡብ ለተሠራ አዲስ ቤት ይሄ ክርክር አይነሳም፤ እዚያ ሲሚንቶ ቦታው ነው።)

እኔ ግን ከድብልቁ ይልቅ የማላልፈው ጥልቀቱን ነው። የመጋጠሚያው ስፋት አንድ ሴንቲ ሜትር ከሆነ አሮጌውን ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ መፈልፈል ያስፈልጋል። ላዩን ብቻ የተለቀለቀ ኖራም ቢሆን ከክረምት አያልፍም፤ ከዚያ በኋላ «ኖራ አይይዝም» እየተባለ ይታማል። ፈልፍለው ሲያበቁ አቧራውን መጥረግ፣ ጡቡን ማርጠብ፣ ኖራውንም በስስ ድርብ እየጠቀጠቁ መሙላት ነው። ያልረጠበ ጡብ የኖራውን ውሃ ወዲያው ይጠጣዋል፤ መጋጠሚያውም በጥፍር ሲነካ እንደ ደረቅ ሽሮ ይበናል።